የግቢዎን ውሃ በየት ያውጡት? በአሜሪካ ላሉ የቤት ባለቤቶች የግሬዲንግ ፈቃድና የውሃ ማፍሰሻ አማራጮች ንጽጽር

ዝናብ በጣለ ቁጥር ቤዝመንቱ የሚረጥብበት ወይም ጓሮው ለቀናት የሚጨቀይበት ባለቤት ሦስት ተቋራጭ ቢጠራ ሦስት መልስ ነው የሚያገኘው። አንዱ ፍሬንች ድሬይን (ጠጠርና የተበሳሳ ቱቦ ያለበት ቦይ) ይቀበር ይላል፣ ሌላው አፈር ተሞልቶ ግቢው ይስተካከል ይላል፣ ሦስተኛው ግንብ ካልተሠራ በቀር መፍትሔ የለውም ይላል። ካውንቲው ዘንድ ተደውሎ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ ደግሞ «እንደ ሥራው ነው» ይባላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ውሃው ከግቢው በየት በኩል ወጥቶ የት እንደሚደርስ ነው። የፈቃድ ሰጪው መሐንዲስ ፕላኑን ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መውጫው ሳይታወቅ ቱቦ የገዛ ሰው ውሃውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ከማዛወር አያልፍም።

## መመዘኛዎቹ

የውሃው ምንጭ። ዝናብ እየጣለ ጃንጥላ ይዞ ግቢውን መዞር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። አሸንዳው ሞልቶ ይፈስሳል? የአሸንዳው ቱቦ ውሃውን መሠረቱ ሥር ይጥለዋል? ከጎረቤት በኩል በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ የሚመጣ ውሃ አለ? ቤዝመንቱ ዝናቡ በጀመረ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከረጠበ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ጣሪያው ወይም የግቢው ገጽ ነው። ዝናቡ ካቆመ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መጥቶ የሚቆይ እርጥበት ግን የከርሰ ምድር ውሃን ያመለክታል። ሁለቱ መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

መውጫ። ውሃው በራሱ ተዳፋት ሊደርስበት የሚችል፣ ከችግሩ ቦታ ዝቅ ያለና በሕግ የተፈቀደ ነጥብ ግቢው ውስጥ ወይም ዳር አለ ወይ?

የአፈሩ ዓይነት። ሸክላማ አፈር ውሃ አያሰርግም፣ አሸዋማው ያሰርጋል። ይህ የማስረጊያ ጉድጓድ የሚያስበውን ሰው ይመለከታል።

የፈቃዱ ክብደት፣ ጎረቤት ላይ የሚያደርሰው፣ ዓመታዊ እንክብካቤውና ወጪው። በእነዚህ ውስጥ ሰው የሚሳሳተው በፈቃዱ ላይ ስለሆነ እሱን ሰፋ አድርገን እንየው።

## ፈቃድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ግሬዲንግ ማለት አፈር ቆርጦ ወይም ሞልቶ የመሬቱን ቅርጽና ተዳፋት መለወጥ ነው። ለመኖሪያ ግቢ የሚሠራ አንድ ወጥ የፌዴራል የግሬዲንግ ሕግ የለም። ግዛቶችና ካውንቲዎች ዓለም አቀፍ የሚባሉትን ሞዴል የሕንፃ ኮዶች ወስደው፣ ጨምረውና ቀንሰው የራሳቸው ያደርጓቸዋል። በሕንፃ ኮዱ ውስጥ ስለ ግሬዲንግ የተጻፈው «አባሪ ጄ» እንኳ የሚሠራው አካባቢው ለይቶ ካጸደቀው ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ ካውንቲ የሚኖር ዘመድ «እኔ ያለ ፈቃድ ነው የሠራሁት» ቢል ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም።

ጽሕፈት ቤቶቹ የሚለኩት በአብዛኛው አራት ነገር ነው፦ የተነካው መሬት ስፋት፣ የተንቀሳቀሰው አፈር መጠን፣ የቁፋሮው ወይም የሙሌቱ ከፍታ፣ እና ቦታው።

አንድ ግቢ እንውሰድ። 60 በ60 ጫማ የሆነ ጓሮ በአማካይ 6 ኢንች አፈር ይሞላበት። ስፋቱ 3,600 ካሬ ጫማ ነው። መጠኑ 1,800 ኪዩቢክ ጫማ፣ ለ27 ሲካፈል ወደ 67 ኪዩቢክ ያርድ ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ የግዛቱ የደለል መቆጣጠሪያ ደንብ ከ5,000 ካሬ ጫማና ከ100 ኪዩቢክ ያርድ በታች የሆነውን ሥራ ነጻ ስለሚያደርግ ይህ ሥራ ከግዛቱ መስመር በታች ነው፤ ካውንቲው ወይም ከተማው ግን የጠበቀ ሊጠይቅ ይችላል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ መነሻው 2,500 ካሬ ጫማ በመሆኑ ያው ጓሮ ፈቃድ ይጠየቅበታል። በካሊፎርኒያ ብዙ ከተሞችና ካውንቲዎች 50 ኪዩቢክ ያርድን መነሻ ስለሚያደርጉ እዚያም ፈቃድ ይጠየቅበታል። አንድ ዓይነት ሥራ፣ እንደየቦታው የተለያየ መልስ።

ስፋቱ ሲለካ አፈር የሚሞላበት ቦታ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ሣሩ የሚገፈፍበት፣ አፈሩ የሚከመርበትና መኪናው የሚመላለስበት ሁሉ ይደመራል። 2,200 ካሬ ጫማ ብሎ የጀመረ ሰው 2,500ን የሚያልፈው በዚህ ነው።

ቦታው ልዩ ጥበቃ ያለበት ከሆነ ደግሞ መጠኑ ዋጋ የለውም። በፌማ (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ድርጅት) ካርታ ላይ የጎርፍ አደጋ ቀጠና ተብሎ በተሰመረ መሬት አንድ መኪና አፈር መድፋትም የጎርፍ ሜዳ ፈቃድ ይጠይቃል። ረግረግና ጅረት ውስጥ አፈር መጨመር የአሜሪካ ሠራዊት የመሐንዲሶች ጓድን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የሚኖር ሰው በሜሪላንድ ከማዕበል ውሃው 1,000 ጫማ ውስጥ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ በ100 ጫማው የመከላከያ ቀጠና ውስጥ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ያጣራ። 1 ኤከር (43,560 ካሬ ጫማ) ወይም ከዚያ በላይ የሚነካ ሥራ በፌዴራሉ የንጹሕ ውሃ ሕግ ሥር የግንባታ ቦታ የዝናብ ፍሳሽ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለተራ ግቢ ግን ይህ እምብዛም አይደርስም።

ፈቃድ የማያስፈልገው ሥራም ቢሆን ተዳፋትን፣ ኢዝመንትን (በግቢው ላይ ለሌላ ወገን የተጠበቀ የመጠቀም መብት) እና የጎረቤትን መብት የሚመለከቱት ድንጋጌዎች ይጸኑበታል። የጎረቤት ጉዳይ በየግዛቱ በተለያየ መርህ ይዳኛል። አንዳንዱ የተፈጥሮውን ፍሰት መለወጥ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ባለቤቱ ከውሃው ራሱን እንዲከላከል ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ አድራጎቱ ምክንያታዊ መሆኑን ይመዝናል። ሁሉም ጋ አደገኛ የሆነው ተበትኖ ይፈስ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ የጎረቤት ግቢ ላይ መልቀቅ ነው። የአሸንዳ ውሃን ከመጸዳጃ ፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘትም በአብዛኛው ቦታ የተከለከለ ነው።

## አማራጭ 1፦ አሸንዳን ማራቅና የቤቱን ዙሪያ ማዳፋት

በእኛ እምነት አብዛኛው ቤት መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህን ነው። 1,000 ካሬ ጫማ ጣሪያ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲጥል 623 ጋሎን ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በሁለት ቱቦ መሠረቱ ሥር እየተደፋ ሌላ ነገር መቅበር ገንዘብ መቅበር ነው። ቱቦውን ከ6 እስከ 10 ጫማ አርቀው ተዳፋት ባለው ቦታ ያውጡት።

የመኖሪያ ቤቶች ሞዴል ኮድ የሚጠይቀው ከመሠረቱ ባሉት የመጀመሪያ 10 ጫማዎች ውስጥ መሬቱ ቢያንስ 6 ኢንች እንዲወርድ ነው። የድንበር መስመር ወይም ግንብ ይህን ከከለከለ በምትኩ ቦይ ወይም ድሬይን መሠራት አለበት። በ10 ጫማው ውስጥ ያለ ኮንክሪትና አስፋልት ከቤቱ ርቆ ቢያንስ 2 በመቶ ይዳፋ።

ልኬቱ ቀላል ነው። አንድ ካስማ ግድግዳው ሥር፣ ሌላውን 10 ጫማ ርቆ ይትከሉ። ሲባጎውን ግድግዳው ጋ ካለው ካስማ ላይ መሬት አስነክተው ይቋጥሩ፣ ወደ ሌላው ይወጥሩትና መሐሉ ላይ በሚንጠለጠል ውሃ ልክ ያስተካክሉት። ራቅ ባለው ካስማ ላይ ከሲባጎው እስከ መሬት ያለው ርቀት 6 ኢንች ካልሞላ ተዳፋቱ ያንሳል። በየ8 ወይም 10 ጫማው ይድገሙት፣ ምክንያቱም ግንበኛው የሞላው አፈር በጊዜ ብዛት የሚሰጥመው በየቦታው እኩል አይደለም።

መሬቱ ዝርግ ሆኖ 40 ጫማ ርዝመት ያለው ግድግዳ ሥር፣ በ10 ጫማ ስፋት፣ ግድግዳው ጋ 6 ኢንች ሆኖ ወደ ዜሮ የሚወርድ ሙሌት 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 3.7 ኪዩቢክ ያርድ ነው። ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ 4.5 ያህል ይዘዙ። ስፋቱ 400 ካሬ ጫማ ብቻ በመሆኑ በብዙ ቦታ ከፈቃድ መነሻው በታች ይውላል።

የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አሸዋ ወይም የእንጨት ፍርፋሪ ከላይ ተዳፍቶ ቢታይም ውሃው አልፎት ግድግዳው ጋ ይደርሳል፤ ጥቂት ሸክላ ያለበት አፈር በ6 ኢንች ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። አፈሩ የግድግዳውን ልባስ ሲነካ ደግሞ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። የመሠረቱ ግንብ ከአፈሩ በላይ 6 ኢንች (በጡብ ልባስ ቤት 4 ኢንች) መታየት አለበት። ከታች በኩል ያሉት የጡቡ መተንፈሻ ቀዳዳዎችም አይደፈኑ። ይህን ከፍታ ሳይነኩ 6 ኢንች ተዳፋት ማግኘት ካልተቻለ፣ ሙሌቱን ትተው ራቅ ያለውን መሬት ዝቅ ያድርጉ ወይም ወደሚቀጥለው አማራጭ ይለፉ።

## አማራጭ 2፦ የሣር ቦይ

ስዌል የሚባለው ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ በሣር የተሸፈነ ቦይ ነው። በገጽ ላይ የሚመጣን ውሃ፣ በተለይ ከጎረቤት ዳገት የሚወርደውን፣ ቤቱን አዙሮ ለማሳለፍ ከሁሉም የሚታመነው ይህ ነው። ቢደፈን በዓይን ይታያል፣ በአካፋም ይጠረጋል። ጥልቀቱ 6 ኢንች ያህል፣ ጎኖቹ ለእያንዳንዱ ጫማ ከፍታ 3 ጫማ ወይም የበለጠ ወደ ጎን የሚሄዱ ቢሆኑ የሣር ማጨጃ ያለ ችግር ያልፍበታል። ርዝመቱ ላይ 2 በመቶ፣ ማለትም በ50 ጫማ 1 ጫማ ተዳፋት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች ውሃ ያቁራል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ዝቅ ያለ መሬት ብዙውን ጊዜ ሰፈሩ ሲሠራ የጸደቀ የውሃ መንገድ ነው፤ በርስት ካርታው ላይ የድሬኔጅ ኢዝመንት ተብሎ ተሰምሮ ይገኛል። እዚያ ላይ መጋዘን ማቆም፣ የአትክልት መደብ ከፍ አድርጎ መሥራት ወይም እስከ መሬት የሚደርስ አጥር ማጠር የላይኛውን ጎረቤት ግቢ ኩሬ ያደርጋል። ካውንቲው ሲመጣ የሚያስፈርሰውም በባለቤቱ ወጪ ነው። ቤት ሲገዙ የተሰጠዎትን የቅየሳ ካርታ አውጥተው ይመልከቱ።

## አማራጭ 3፦ ፍሬንች ድሬይን

ጠጠር የተሞላ ቦይ ሆኖ ከሥሩ የተበሳሳ ቱቦ አለው። የሚያገለግለው አፈር ውስጥ ለሚሄድ ውሃ ነው፦ ከዳገት ሥር ለሚመነጭ እርጥበት ወይም ሁልጊዜ ለሚረጥብ የሣር መስመር። ለጣሪያ ውሃ መሸጡ የተለመደ ስሕተት ነው። የአሸንዳን ውሃ በተበሳሳ ቱቦ ውስጥ መልቀቅ ቅጠልና ደለሉን ቱቦው ውስጥ ይከትታል፣ ውሃውንም መሠረቱ አጠገብ መልሶ ያሰርጋል። የአሸንዳ ውሃ ባልተበሳ ቱቦ ለብቻው ይሂድ።

የተለመደው አሠራር 12 ኢንች ስፋትና ከ18 እስከ 24 ኢንች ጥልቀት ያለው ቦይ ነው። ውሃ የሚያሳልፍ ያልተሸመነ የጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይነጠፋል፣ ከ¾ እስከ 1½ ኢንች የታጠበ ጠጠር ሁለት ሦስት ኢንች ይጨመራል፣ 4 ኢንች ቱቦ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ይተኛል። ወደ ታች የሚሆነው ውሃው ቦዩ ውስጥ ከሥር ወደ ላይ ስለሚሞላ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ቢሆን ቱቦው መሥራት የሚጀምረው ቦዩ ከተሞላ በኋላ ይሆናል። ከዚያ ጠጠር ይሞላና ጨርቁ ከላይ ይታጠፋል። ተዳፋቱ ቢያንስ 1 በመቶ፣ ማለትም በ8 ጫማ 1 ኢንች ያህል ይሁን። 50 ጫማ ርዝመትና 18 ኢንች ጥልቀት ያለው ቦይ 2.8 ኪዩቢክ ያርድ ይወስዳል። በላይኛው ጫፍና በየመታጠፊያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መጥረጊያ ቱቦ ካልተተከለ፣ ሲደፈን ያለው ምርጫ እንደገና መቆፈር ነው።

ያልታጠበ ጠጠር ድሬይኑን ቀድሞ ይደፍነዋል። ስሱ ሸንሸን ያለ ቱቦ በመኪና ክብደት ይደፈጠጣል። ከሁሉም የከፋው መውጫ የሌለው ነው፦ ሸክላ አፈር ውስጥ የተቆፈረ ረጅም ገንዳ ሆኖ ይቀራል። አካፋ ከመነሣቱ በፊት 811 ተደውሎ የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮች ያሉበት ምልክት ይደረግ፤ አገልግሎቱ ነጻ ሲሆን ጥቂት የሥራ ቀናት ይፈጃል።

## አማራጭ 4፦ የማስረጊያ ጉድጓድ

ድራይ ዌል ለማን ይሆናል? አፈሩ ለሚያሰርግለትና ዝቅ ያለ መውጫ ላጣ ሰው። መጠኑን ሰው ሁልጊዜ አብዝቶ ይገምታል። 4 በ4 በ4 ጫማ የሆነ ጉድጓድ ጠጠር ሲሞላ ባዶ የሚሆነው 40 በመቶው ያህል ነው፤ የሚይዘውም 190 ጋሎን ገደማ ነው። 500 ካሬ ጫማ ጣሪያ ግን በ1 ኢንች ዝናብ 312 ጋሎን ያወርዳል። ስለዚህ የተረፈው ውሃ ሞልቶ የሚወጣበት መንገድ መታሰብ አለበት።

ሙከራው ይህ ነው፦ የጉድጓዱ ወለል በሚሆንበት ጥልቀት አነስተኛ ቀዳዳ ይቆፈር፣ ውሃ ይሞላና ይሰርግ፣ እንደገና ይሞላና በሰዓት ስንት ኢንች እንደወረደ ይለካ። ከግማሽ ኢንች በታች ከሆነ ይህን አማራጭ ይተዉት። ከመሠረቱ ቢያንስ 10 ጫማ ይራቅ፣ ከሴፕቲክ ሜዳም (የመጸዳጃ ፍሳሽ ከሚሰርግበት መሬት) ይራቅ። ዳገት አናት ላይ አይሠራ፣ የሰረገው ውሃ አፈሩን ሊያንሸራትት ይችላልና።

## አማራጭ 5፦ ደጋፊ ግንብና እርከን

ይህ በዋጋም በፈቃድም ከባዱ ነው። ተዳፋቱ የበዛ ግቢን ለማስተካከል እንጂ ለውሃ ብቻ ተብሎ አይሠራም። በሞዴል ኮዱ ከፈቃድ ነጻ የሚሆነው ከ4 ጫማ ያልበለጠ ግንብ ነው፤ የሚለካው ግን ከተቀበረው መሠረት ሥር እስከ አናቱ ነው። ከመሬት በላይ 3 ጫማ የሚታይ ግንብ መስመሩን ሊያልፍ ይችላል። ከላዩ መኪና ማቆሚያ፣ ቤት ወይም ተጨማሪ ዳገት ካለ ነጻነቱ ይቀራል።

አባሪ ጄ በጸደቀበት ቦታ ግንብ የሌለው የቁፋሮም ሆነ የሙሌት ዳር በመደበኛነት ከ2 ለ1 (2 ወደ ጎን፣ 1 ወደ ላይ) አይብስም። ሙሌቱ ከ12 ኢንች ባልበለጠ ንብርብር ከከፍተኛው ጥግግቱ ቢያንስ 90 በመቶ እስኪደርስ ይጠቀጠቃል። ከ20 በመቶ በላይ በሚዳፋ መሬት ላይ ከ5 ጫማ በላይ ጥልቀት የሚሞላ አፈር ከሥሩ በእርከን ተቆርጦ መያያዝ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ አፈር በአሮጌው ላይ ይንሸራተታል።

ግንብ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሚታቆረው ውሃ ነው። 4 ጫማ ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ በካሬ ጫማ 250 ፓውንድ ያህል ይገፋል፤ ይህ ከአፈሩ ግፊት በላይ የሚጨመር ነው። ከጀርባው 12 ኢንች ጠጠርና መውጫ ያለው ቱቦ ያልተካተተበትን የዋጋ ማቅረቢያ አይቀበሉ።

## በአንድ ገጽ

| አማራጭ | ለየትኛው ውሃ | መውጫ | የፈቃድ ዕድል | እንክብካቤ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| አሸንዳ ማራቅና ማዳፋት | ጣሪያና ገጽ | ተዳፋት ያለው ሣር | ዝቅተኛ | ተዳፋቱን በየዓመቱ መለካት | በጣም ዝቅተኛ |
| የሣር ቦይ | የገጽ ፍሰት | የግድ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ፤ ኢዝመንት ካለ ከፍተኛ | ማጨድ፣ ደለል መጥረግ | ዝቅተኛ |
| ፍሬንች ድሬይን | አፈር ውስጥ ያለ | የግድ | መካከለኛ፤ ወደ መንገድ ከወጣ ከፍተኛ | ቱቦውን ማጠብ | መካከለኛ |
| የማስረጊያ ጉድጓድ | የጣሪያ | ለትርፉ ብቻ | መካከለኛ | የቅጠል ማጣሪያ ማጽዳት | መካከለኛ |
| ደጋፊ ግንብ | ዳገት ላይ ያለ | የግድ | ከፍተኛ | መውጫውን መፈተሽ | በጣም ከፍተኛ |

## ለእርስዎ የትኛው?

በጀቱ ጠባብ ከሆነ አማራጭ 1ን ሠርተው አንድ የዝናብ ወቅት ይጠብቁ። ብዙ ቤዝመንት በዚሁ ይደርቃል።

በቤቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ10 ጫማ በታች ከሆነ 6 ኢንቹ ተዳፋት ስለማይገኝ የሣር ቦይ ነው መልሱ፤ ቦዩ ድንበሩን የሚጋራ ከሆነ ከጎረቤት ጋር በጽሑፍ ይስማሙ።

ግቢው ሜዳማና ሸክላማ ከሆነ የማስረጊያ ጉድጓድን ይርሱት። የአሸንዳው ውሃ ባልተበሳ ቱቦ ወደ መንገዱ ዳር ይሂድ። የመንገድ ጠርዝን መቁረጥ ግን ራሱን የቻለ የመንገድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በብርድ አገር የእግረኛ መንገድ ላይ መልቀቅም በረዶ ስለሚሠራ በብዙ ከተማ ይከለከላል።

ከዳገት ሥር ያለ ቤት ከላይ በኩል የሣር ቦይ፣ አፈሩ ውስጥ ውሃ ካለም ከቦዩ ሥር ፍሬንች ድሬይን ያስፈልገዋል።

ግንብ ወይም ከ2 ጫማ በላይ ሙሌት የሚያስብ ከተቋራጩ በፊት ሲቪል መሐንዲስ ያናግር።

## ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ

ይዘው የሚሄዱት የቅየሳ ካርታ ቅጂ፣ አሁን ያለውና የሚሆነው የመሬት ከፍታ፣ የውሃው አቅጣጫ በቀስት፣ የሚነካው ቦታ ወሰን፣ የስፋቱና የአፈሩ ስሌት፣ የደለል መከላከያ አጥሩ የሚቆምበትና ውሃው የሚወጣበት ነጥብ ነው። «ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?» ብለው በደፈናው ከሚጠይቁ ስሌቱን አሳይተው «ይህ ከመነሻው በታች ነው ወይ?» ይበሉ፤ መልሱንም በኢሜይል ይቀበሉ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለ የእሱ ፈቃድ ከካውንቲው የተለየ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ተቆጣጣሪው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የደለል አጥሩ ቆሞ ቁፋሮ ሳይጀመርና ሥራው ሲያልቅ ነው። አጥሩ ከሥሩ 6 ኢንች ያህል ካልተቀበረ ውሃው ከሥር ስለሚያልፍ ተቆጣጣሪው አይቀበለውም። ቱቦው ከመሸፈኑ በፊት ጥልቀቱ በመለኪያ ጥብጣብ ላይ እየታየ ፎቶ ያንሱ፤ ሣሩ እስኪይዝም ዘሩን በገለባ ይሸፍኑ፣ ብዙ ካውንቲ መሬቱ በሣር ካልተሸፈነ ፈቃዱን አይዘጋም።